ሸምሶ የሌለበት ዝርዝር

ምዝገባ በተባለበት ሁሉ ከመዝጋቢው ቀድሞ የሚደርስ ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አላየሁም። ወልቂጤ አለ። ቡኢ አለ። አረቅጥም ላይ ለብርዱ ጋቢ ተከናንቦ ይጠብቃል። መዝጋቢው ጠረጴዛውን ከቢሮ ሲያወጣ አንዱን እግር ይዞ የሚያግዘው እሱ ነው። ጠረጴዛው መሬት ሲነካ ወረፋው ተጀምሯል፤ አንደኛው ማን እንደሆነም አያጠያይቅም። የእኛው የቡታጅራው ተመዝጋቢ ክቡር ሸምሶ ይባላሉ።

ክቡርነታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ጫማ ይሸጣሉ። ይሸጣሉ ስል ሱቃቸው ክፍት ነው ማለቴ ነው፤ እሳቸውማ ወረፋ ላይ ናቸው። ደንበኛ ሲመጣ ቁጥሩን ራሱ ፈልጎ፣ ዋጋውን ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ጠይቆ ይገዛል። በብብታቸው አንዲት የፕላስቲክ ፋይል አትጠፋም። በውስጧ የመታወቂያ ኮፒ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለድጋፍ ደብዳቤው የተጻፈ ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ፣ እንዲሁም አንድ እፍኝ ጉርድ ፎቶ አለ። ፎቶው እንደየጉዳዩ ይመረጣል። ለወጣቶች ብድር ጺም የሌለበት ይወጣል፤ ለአረጋውያን ድጋፍ ጺም ያለበት። ለችግረኛ ምዝገባ ደግሞ ታይፎይድ ይዟቸው በከሱ ጊዜ የተነሡት አለ። እሱን እንደ ዐይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት።

ሦስት ቃል ይበቃቸዋል። ምዝገባ ሲሰሙ፣ «ተመዝገብ፤ ምን ታጣለህ?» ይላሉ። ዝርዝር ሲለጠፍ፣ «ስሜ አለ?» ይላሉ። ስማቸው ከሌለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይጣራልኝ!» ይላሉ። በሕይወታቸው ሌላ ነገር ሲናገሩ የሰማቸው ካለ እኔ አላገኘሁትም።

በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከሥራ አጥ ወጣቶች ጋር ተመዝግበው ዶሮ እርባታ ተደራጅተዋል። ዶሮዎቹ ተበሉ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ ሰብሳቢውም እሳቸው ናቸው። አጎበር ሲታደል ከቤተሰባቸው ቁጥር በላይ ወስደው አንዱን ለሱቃቸው መጋረጃ አድርገውታል። ለሚያጠቡ እናቶች አልሚ ምግብ ሲሰጥ፣ «ባለቤቴ ስለማይመቻት ነው» ብለው ሕፃን ካቀፉ ሴቶች መካከል ቆመው ነበር። ልጃቸው ሩፋይዳ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

የዐይኑን ነገር ግን ከተማው አይረሳውም። ሐኪሞች ለሞራ ቀዶ ሕክምና ሊመዘግቡ በመጡ ጊዜ፣ ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ምንነቱን ሳይጠይቁ አንደኛ ሆነው ተመዘገቡ። በቀጠሮው ቀን ገብተው ጋውን ለበሱ፤ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ተለጠፈ። አልጋው ላይ ሲያስተኟቸው ነው፣ «መነጽሩ የታለ?» ብለው የጠየቁት። ጋውኑን እንደለበሱ እስከ ሱቃቸው ድረስ ሮጡ። ጋውኑንም አልመለሱትም።

እንዲህ ያለውን ሰው ዓመታት ሙሉ እየሳቅኩበት ኖሬአለሁ። መናቅ የጀመርኩት በኮሮናው ዓመት ነው።

በ2012 ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ቲማቲም ደረሰ። ቲማቲሙ ሲደርስ ገዢው ቀረ። ከአዲስ አበባ ይመጡ የነበሩት አይሱዙዎች ቆሙ፤ ሆቴሉ ተዘጋ፤ ገበያውም ተበተነ። ገበሬው በሣጥን የደረደረውን መንገድ ዳር አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል፤ ማታ እየፈሰሰ ይመልሰዋል። ለከብት የሰጡ አሉ። ከብቶቹም በሦስተኛው ቀን ሰለቻቸው። እትዬ ከድጄ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ሴት ልጆች ይዘው የቀሩ ገበሬ ማሳቸውን ሳይለቅሙት ተዉት። በዚያ በኩል ሳልፍ ሽታው ከሩቅ ይመጣ ነበር።

በዚህ መሐል፣ በወረርሽኙ ገበያ ላጡ አትክልት አምራቾች መንግሥት ድጎማ ሊከፍል ነው ተባለ። ምዝገባው በቀበሌው ግቢ ሁለት ቀን ይቆያል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ክቡር ሸምሶ አርሶ አደር ሆነው አደሩ።

ከእርሻ ጋር የነበራቸው ዝምድና ለገበሬ ቦት ጫማ መሸጥ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን ቦቱን ራሳቸው ተጫምተው መጡ። ጭቃ እንኳ አልቀቡትም፤ የዋጋው ወረቀት ተረከዙ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ቁምጣ ለብሰዋል። ትከሻቸው ላይ መቆፈሪያ አለ፤ የያዙት ግን ብረቱን ወደ ራሳቸው አዙረው ነው። መዝጋቢው፣ «ማሳዎ የት ነው?» ቢላቸው፣ «የሟች የአጎቴ ልጅ ማሳ፤ በእኩል ነው የማርሰው» አሉና የእትዬ ከድጄን ቲማቲም በራሳቸው ስም አስመዘገቡ። ለአንድ ማሳ የሚመዘገበው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እትዬ ከድጄ ከዝርዝሩ ውጪ ሆኑ።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ደሜ ሲፈላ እጽፋለሁ። ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። «ጫማ ነጋዴው አርሶ አደር» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። የሟችን ሚስት ላብ መቀማት ምን ማለት እንደሆነ በሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ አድርጌ ገለጥኩ፦ «ወረርሽኙ የቀማትን ቀምቷታል፤ የተረፈውን ደግሞ ዘመድ ቀማት።» እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ራሴን አደነቅኩ። ድጎማውን ለሚያጸድቀው የወልቂጤ ቢሮ ላክሁት።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «በዝርዝሩ ላይ በቀረበው አቤቱታ መሠረት የቀበሌው ምዝገባ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል» ይላል።

ሙሉ በሙሉ! በዝርዝሩ ላይ ስልሳ ሦስት ሰው ነበረ። እኔ የከሰስኩት አንዱን ነው። ስልሳ ሁለቱ ቲማቲማቸው የበሰበሰባቸው እውነተኛ ገበሬዎች ነበሩ።

ወሬው ከእኔ በፊት ገጠር ደረሰ። ይቅርታ ልጠይቅ እትዬ ከድጄ ዘንድ ሄድኩ። ከማሳቸው ዳር ቆመው የበሰበሰውን እየነቀሉ ይጥሉ ነበር። ሰላምታዬን በእጃቸው ብቻ መለሱልኝ።

«እትዬ ከድጄ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀህ መምህር?»

«ሸምሶ መብትዎን ወስዶ...»

«የይዞታ ደብተሩ በሟቹ ስም ነው። እኔን አንመዘግብም አሉኝ። ሸምሶ በስሙ አስመዝግቦ ግማሹን ሊሰጠኝ ተስማምተን ነበር።» የነቀሉትን ግንድ ወርወር አደረጉት። «ሌባ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ግማሹን ይሰጠኝ ነበር። አንተ ምን ሰጠኸኝ?»

በሦስት ገጽ ጽሑፌ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አልነበረም። ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ገበሬዎች ሰላም አላሉኝም። አንደኛው ልጁን ያስተማርኩለት ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ።

ሌላ የምሄድበት ስላጣሁ ክቡር ሸምሶ ሱቅ ሄድኩ። እንደ ተአምር ሱቁ ውስጥ ነበሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ወንበር አቀረቡልኝ።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር። አቤቱታህን አንብቤዋለሁ» አሉኝ።

«የት አገኘኸው?»

«ኮፒ አለኝ።» ፋይላቸውን መታ መታ አደረጉ። «ቆንጆ ጽሑፍ ነው። ወላሂ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለከድጄ አለቀስኩ። ግን አድራሻው ልክ አይደለም። እዚያ ቢሮ አቤቱታ የገባ እንደሆነ ይሰርዛሉ። ማጣራት ሥራ አለው፤ መሰረዝ ሥራ የለውም። 'ይጣራልኝ' ተብሎ የሚጻፈው ለሌላኛው ክፍል ነው። አንተ ዕድሜ ልክህን ስትማር ይህን አላስተማሩህም?»

«አሁን ምን ይሻላል ሸምሶ?»

«ዝርዝር እስከሚዘጋበት ዓርብ ድረስ ጊዜ አለ። ነገ ወልቂጤ እንሄዳለን። ሁለት ጉርድ ፎቶ ያዝ።»

«ፎቶው ለምን?»

«እኔ እንጃ። ያዝ።»

ያኔ ሚኒባስ ግማሽ ሰው ብቻ እየጫነ በእጥፍ ያስከፍል ነበር። በመካከላችን አንድ ወንበር ክፍት ትተን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ እስክንገባ ድረስ ሰውየው ሲያወራ ነበር። በዚያ መንገድ ማስቲካውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ከሰጠኝ ሰው ጋር አንቱታው አልሆነልኝም። ከዚህ በኋላ ሸምሶ ነው፤ እሱ ነው።

በመንገድ ላይ ስለ እትዬ ከድጄ ጠየቅኩት።

«ደብተሩ በሟቹ ስም ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር?»

«ይቻላል። የወራሽነት ወረቀት አውጥታ ደብተሩ ላይ ማያያዝ ነው። የሦስት ቀን ሥራ ነው። ትናንት ልጆቿን ልኬ አስጀምሬያለሁ።»

«ይህን ካወቅክ ታዲያ ለምን በመጀመሪያ አላደረግክላትም?»

በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ።

«ያኔ እኔ በየት ልግባ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። አንቱታውን ያነሣሁት ለምን እንደሆነ ራሴን እየጠየቅኩ ወልቂጤ ደረስኩ።

ቢሮው በር ላይ የማጣሪያው ክፍል ኃላፊ ሙባሪክ ሸምሶን ሲያየው ጭንቅላቱን ያዘ። ወጣት ነው፤ በሥራው ብዙ ጊዜ የቆየ አይመስልም፤ ሸምሶን ለማወቅ ግን በቂ ጊዜ ቆይቷል።

«ጋሽ ሸምሶ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይጣራልዎ?»

«ለራሴ አይደለም።»

«እሱን ባለፈውም ብለውኛል።»

ነገሩን እኔ አስረዳሁት። ስህተቱ የኔ አቤቱታ እንደሆነ፣ ስልሳ ሁለት ሰው ያለ ጥፋቱ እንደተሰረዘ ነገርኩት። ሙባሪክ በትዕግሥት ሰማኝና ዝርዝሩ እንደሌለ ነገረኝ። ቢሮው ያለው ቅጂ ሲሰረዝ ተቀዷል። የቀበሌው ቅጂ ውጪ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዝናብ አጥቦታል። እንደገና ለመመዝገብ ኮሚቴ መውጣት አለበት፤ ኮሚቴ ለማውጣት መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ደግሞ ኮሮና ላይ ነው።

«የስም ዝርዝር ከነአያቱና ከነማሳው ዛሬ ካገኘሁ» አለ፣ «የግብርና ባለሙያዋ እዚያው ገጠር ስላለች እስከ ዓርብ ማሳ ለማሳ ታመሳክራለች። ካልሆነ ግን አልችልም።»

እኔ ተነሣሁ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሸምሶ አልተነሣም።

«መምህር፣ ወረቀት አውጣ» አለኝ።

ከዚያም ዐይኑን ጨፈነና መዘርዘር ጀመረ። ስም ከነአባት፣ ከነአያት። ማሳው ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ። ቲማቲም ይሁን ሽንኩርት። ሽፋ እግሩን ስለታመመ ልጁ እንደተሰለፈለት። ባሂራ ሁለት ጊዜ ተጠርታ አለመስማቷን። ሁለቱን ቀን ወረፋው ላይ ከሁሉም ፊት ቆሞ ሁሉንም ጠይቋል። ከዚያም ዝርዝሩ ተለጥፎ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ጠዋትና ማታ እየሄደ፣ ስሙ እንዳልተፋቀ ለማረጋገጥ ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ሙባሪክ በመጀመሪያ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ከሃያኛው ሰው በኋላ አስቀመጠው።

ሸምሶ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ደርሶ ዐይኑን ገለጠ።

«ስልሳ ሦስት ነበር እኮ» አለ ሙባሪክ። «ስልሳ ሦስተኛውስ?»

ሸምሶ ፋይሉን በብብቱ አጥብቆ ያዘ። ሙባሪክ ስልሳ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ አቤቱታዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ሙባሪክ። «ዝርዝሩ በቃል ስለሆነ ሁለት ምስክር ይፈርማል። ምስክሩ ድጎማው የማይመለከተው ሰው መሆን አለበት።»

ቅጹን ገፋ አደረገልን። ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ፊርማ። እኔ ቶሎ ሞልቼ «መምህር» ብዬ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ለሸምሶ ሰጠሁት። ስሙን ጻፈ፤ አድራሻውን ጻፈ። «ሥራ» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ይህ ሰው በዚያች ባዶ ቦታ ስንት ነገር ሆኖ ኖሯል! ሥራ አጥ ሆኗል፤ ዶሮ አርቢ ሆኗል፤ አቅመ ደካማ ሆኗል። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ።

«መምህር» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ሌላ ምስክር አናገኝም?»

«ዛሬ? እዚህ ማንን እናገኛለን?»

ተነፈሰ። «ጫማ ነጋዴ» ብሎ ጻፈ። ፊደሉ እንደ ተማሪ ፊደል የተጠነቀቀ ነበር። ፈረመና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ስልሳ ሦስተኛ፣ ከድጄ ሙስተፋ» አለ። «ማሳዋ ከወንዙ ወዲህ፤ ቲማቲም። በራሷ ስም ጻፍ።»

ወጥተን መናኸሪያው ስንደርስ፣ «በጣም ቆንጆ ዝርዝር ነበር» አለ፣ ሰው ቀብሮ እንደሚመለስ።

ባለሙያዋ ሦስት ቀን ሙሉ በእግሯ ዞረች። ሸምሶ የወንዙን ወዲህና ወዲያ እንኳ አልተሳሳተም። የወራሽነቱ ወረቀት ሐሙስ ደረሰ። ዓርብ ዝርዝሩ ጸደቀ።

ክፍያው በቀበሌው ግቢ ሲሰጥ ገበሬው ሁለት ሁለት ርምጃ ተራርቆ ተሰልፎ ነበር። ድጎማው እንኳን የጠፋውን ሊተካ ለዘርና ለማዳበሪያ በቅጡ አይበቃም፤ ግን ማንም አላንጎራጎረም። ሸምሶም እዚያ ነበር። ከዝርዝሩ ውጪ ሆኖ ወረፋ ላይ መቆም ስለማያውቅ ወረፋ ያስከብር ነበር። «ራቅ በል! ኮሮና ነው! ሽፋ ተቀመጥ፣ እግርህን ታማለህ፣ ተራህን እኔ እይዛለሁ!» ይላል። አንድ ሰው፣ «አንተ ደግሞ ምንህ ነው?» ቢለው፣ «ምስክር ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

እትዬ ከድጄ ተቀብለው ሲወጡ እኔን አለፉኝ። እሱ ፊት ግን ቆሙ።

«ሸምሶ፣ ያንተስ?»

«የለሁበትም። አልሃምዱሊላህ።»

ተመለከቱት። ግማሽ የሚሰጡት መስሎኝ ነበር፤ እሱም ሳይመስለው አልቀረም፤ ፋይሉን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ችግኝ ገዝቼ ማክሰኞ እተክላለሁ። ሰው የለኝም፤ ቅዳሜ መጥተህ ኮትኩትልኝ» አሉት። «በእኩል ነው የማርሰው ብለህ የለ?»

የሳቀው ግቢው ሁሉ ነው። ሸምሶም ሳቀ። ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ማየት ነበረብኝ። ለመሳለቅ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። ሸምሶ መስመሩ መሐል አጎንብሶ ይኮተኩታል። ወገቡን ይዞ ቀና ይላል፣ ያቃስታል፣ እንደገና ያጎነብሳል። እትዬ ከድጄ ከሌላው ጫፍ ጮኹ።

«ሸምሶ! እሱ እኮ ችግኝ ነው! አረሙን ትተህ ችግኙን ነው የነቀልከው!»

ወደ ኋላው ዞሮ አየ። የመጣበት መስመር ላይ አረሙ ቆሟል፤ ሰባት የቲማቲም ችግኝ ግን ሥራቸው ወደ ላይ ሆኖ ተጋድሟል። እኔ ከዳር ቆሜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ተንበረከከና አንድ በአንድ እያነሣ፣ በጣቱ ጉድጓድ እየከፈተ፣ አፈሩን እየጠቀጠቀ መልሶ መትከል ጀመረ። በእያንዳንዱ ላይ፣ «አፉ በይኝ፣ አፉ በይኝ» ይላል፣ እንግዳ የረገጠ ይመስል።

ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም።

«መምህር!» አሉ እትዬ ከድጄ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያነጋግሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ቆመህ አትሳቅ። ውሃ አምጣ።»

ከወንዙ በጀሪካን ቀዳሁ። እሱ ሲተክል እኔ አጠጣሁ። ሰባቱንም ከተከልን በኋላ መዳፉን ገልጦ አሳየኝ፤ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ እንዳነሣው ጠየቀኝ፤ ምናልባት አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል አለ።

እስከ ዛሬ ሰው ሸምሶን ሲያማ እኔም አብሬ አማዋለሁ፤ የማውቀው ከማንም ስለሚበልጥ የተሻለ አማዋለሁ። ከሱ ውጪ ወልቂጤ ድረስ አብሬው የምሄደው ሰው ቢጠይቁኝ ግን በዚህ ከተማ አላገኝም።

በሳምንቱ ሁለታችንም ተመልሰን ችግኞቹን አየን። ከሰባቱ አምስቱ ጸድቀዋል።